ያልተቆጠረው ቢጫ ካርድ

እዚህ ጁባ ቡና ላይ ኳስ ሲነሳ ስለ ዲሲፕሊን የምንከራከረው ማን ጠለፈ፣ ማን ዳኛ ሰደበ እያልን ነው። ብሔራዊ ቡድናችንን ክፉኛ የጎዳው ቅጣት ግን ከሜዳ ጠብ የመጣ አልነበረም። ምንያህል ተሾመ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ወራት በሚራራቁ ሁለት ጨዋታዎች፣ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። ማረፍ ሲገባው ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር ተሰለፈ። 2 ለ 1 ያሸነፍነውን ጨዋታ ፊፋ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ቆጠረው፤ 3 ነጥብ አጣን። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ረትተን ስንጨፍር የምርመራው ወሬ በዚያው ዕለት ደረሰ።

አንዳንዶቻችን ተጫዋቹን ወቀስን። ፍርደ ገምድልነት ነው። እሱም ማስታወስ ነበረበት ቢባል (ይባል!)፣ ካርድ መቁጠር የቡድን መሪውና የፌዴሬሽኑ ሥራ ነው። ተጫዋችን በገንዘብ መቅጣት ቀላል ነው፤ ደብተር ያልያዘውን ኃላፊ ማን ይቅጣው? ጳጉሜን 2 ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን መምራታችን ደግሞ ጥፋቱን ቶሎ አስረሳን። መድኃኒቱ ውድ አልነበረም፦ የየተጫዋቹ ካርድ የተጻፈበት አንድ ወረቀት፣ አሰላለፍ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብሎ የሚነበብ።