ስለ ስሜን ጦርነት የታተመው መጽሐፍ

ከ1563 እስከ 1597 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የነገሠው የዐፄ ሠርጸ ድንግል ዜና መዋዕል ለንጉሡ ክብር የተጻፈ ነው። ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው አይሁዳዊ ሊቅ በስሜን ተራራ በቤተ እስራኤልና በአለቃቸው በረዳኢ ላይ የተደረገውን ጦርነት ከዚያ ለይቶ፥ ግዕዙን ከነትርጓሜው በ1907 በፓሪስ አሳተመው።

መጽሐፉ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የንጉሡ ድል ነው። ወርቁ ግን እጅዋ ከማራኪዋ ጋራ ታስሮ ሳለ፥ የአዶናይን ረድኤት ጠርታ እርሱን ይዛ ወደ ገደል የተወረወረችው ሴት ናት። ጸሐፊው ከድል አድራጊው ወገን ሲሆን ድፍረትዋን አለመሰወሩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የተሸነፉት በገዛ አፋቸው የተናገሩት የለበትምና፥ አንባቢ ይህን የአንድ ወገን ምስክርነት እንደ ሙሉ ታሪክ ሊቈጥረው አይገባም።