ማፍረስም ሥርዓት አለው

ሐርጌሳን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፈው በማሮዲ ጄህ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ከድልድዩ ጥላ ሥር ምሳችንን በልተን ዐረፍ እንዳልን፣ ከጅግጅጋ በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሽቅብ አንጋጦ ሲመለከት ቆየና «ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን አፍርሱ ቢሏችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት የኤክስካቫተራችን ሾፌር፣ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ «ከወገቡ ነዋ! ሲመሽ አልቆ ታገኘዋለህ» አለው።

ሾፌሩ ስለ አርማታ ከተናገረ ግማሽ እውነት አለው፤ ፌሮው እየጎበጠና እየጮኸ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ ለመሸሽ ፋታ ይሰጣል። በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ቅስት ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሸክሙ ራሱ ነውና የሚያጸናው፣ በላዩ የተደለደለውን አፈር ከአንድ ወገን ብቻ ያቀለለ ሰው የቀለለው ወገን ሲያብጥ ያያል፣ ካየም በኋላ ለመሸሽ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከሁለቱም ዳር እኩል፣ ስንዝር በስንዝር፣ ከሥሩ ካሳፎርማ ደግፎ፣ ግንበኛው የጨረሰበትን መጀመሪያ፣ የጀመረበትን ፍጻሜ አድርጎ መውረድ ነው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልታረቅም።

ከሞጣ በታች፣ ጎጃምንና ቤጌምድርን በዓባይ ላይ ያገናኝ የነበረውን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራውን ሰባራ ድልድይ የኢጣሊያ ጦር እንዳይሻገርበት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አርበኞች ሲሰብሩት፣ ቅስቱ ሳይታሰብ ተደርምሶ በላዩ የነበሩትን ሠራተኞች ይዟቸው እንደ ወረደ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ከዳርና ከዳር በሚጎትቱት ጎበዛዝት ክንድ ክፍተቱን ሲሻገር መኖሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ እንዳስጠገነው፣ በ2005 ደግሞ ጎርፍ ጥገናውን እንደ ወሰደው ብዙ ሰው ያወራል። ስለ አፍራሾቹ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ እኔ ባነሣቸው አያስደንቅም፣ እንደ እነርሱ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና።

በጎልማሳነቴ ወሎ ውስጥ፣ አንድ ባለ ሁለት ቅስት አሮጌ ድልድይ ስናፈርስ፣ አለቃችን ክረምቱ ሳይገባ እንጨርስ ብሎ አጣደፈን፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ። አንደኛውን ቅስት ለብቻው ስናወርደው፣ የጎረቤቱን ግፊት የሚመልስ ስለጠፋ፣ የመሀሉ ምሰሶ ወደ ባዶው ዘመመ፤ አብሮኝ ዲጂኖ የያዘው ባልንጀራዬ እግሩን ለድንጋይ ከፈለ። ያን ዝምታዬን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ፤ እርሱ ቢፈታኝም ኅሊናዬ ግን እስከ ዛሬ አልፈታኝም።

ፍርስራሹን ስናነሣ፣ ከቅስቱ ሆድ፣ ሁለት ድንጋዮች በማይገጥሙበት ስንጥቅ ውስጥ በውሻል ፈንታ የተሰገሰገ የጀበና አንገት ስባሪ አገኘሁ፤ ውስጡ ጥላሸት፣ ውጭው ኖራ። ግንበኛው ውሻል ሲያጣ፣ ምናልባትም ቡና ሲቀዳ ተሰብሮበት፣ እጁ የያዘውን ሰግስጎ ሥራውን ቀጥሏል፤ ማንም አያየውም ብሎ ይሆናል፣ እውነትም ከእኔ በቀር ያየው የለም።

ስባሪው ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፤ ሐርጌሳ በተከራየሁት ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጧል። ለወጣቱ በማግሥቱ አምጥቼ ሳሳየው በአውራ ጣቱ ኖራውን ፈገፈገና «ይለቃል እንዴ?» አለኝ። ቶሎ ቀማሁት።