የሳብራ ኮፈን ሥር

የፋይበር ግላስ መኪና ላይ የሠሪውን እጅ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከውጭ አይጀምርም። ውጩ በቅርጽ ማውጫው ላይ ያረፈው ገጽ ስለሆነ ምንጊዜም ለስላሳ ነው፤ የጎደለውንም ቀለም ይሸፍንለታል። ኮፈኑን ከፍቶ ከሥር ማየት ነው። የመስታወቱ ክር ምንጣፍ በሙጫ ሲርስ፣ በብሩሽ ሲጠቀጠቅ፣ አየሩ በሮለር ተገፍቶ ሲወጣ የቀረው ዱካ ሁሉ እዚያ ይነበባል። ሠራተኛው የቸኮለበት ቦታ ላይ አረፋ ይቀራል። ሙጫ ያበዛበት ይከብዳል፣ በኋላም ይሰነጠቃል፤ ያሳነሰበት ደግሞ ክሩ ደርቆ ይገረጣል። እጁ የተመጠነ ሠራተኛ የሠራው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት፣ አንድ መልክ አለው።

የእስራኤል የመጀመሪያዋ የስፖርት መኪና ሳብራን የምወዳት ከዚህ ጀምሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ የመኪና ትርኢት ላይ ስትቀርብ ገና ሕዝቧ ከሁለት ሚሊዮን ብዙም ያልዘለለ አገር ሥራ ነበረች። ያሠራት የሐይፋው አውቶካርስ ኩባንያ መሥራች ይጽሐቅ ሹቢንስኪ ነው። ሱሲታ የተባሉትን የሥራ መኪኖች የሚያመርት ሰው ለምን ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ክፍት መኪና አሰበ? ዶላር ፈልጎ ነው። አሜሪካኖች የእንግሊዞቹን ኤምጂና ትራያምፍ እየገዙ መሆኑን አይቶ ነበር። አሽሊ ከተባለ የእንግሊዝ ድርጅት የቦዲውን ቅርጽ ወሰደ፣ ከሌስሊ ባላሚ ሻንሲውን፤ ሁለቱን ማገጣጠም የሪላያንት ፋብሪካ ድርሻ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ 100 መኪኖች የተሠሩትም እዚያው እንግሊዝ፣ ታምወርዝ ውስጥ ነው።

ፋይበር ግላስ የተመረጠው ለውበት አልነበረም። ላሜራ በፕሬስ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ማሽንና ሞልድ ዋጋው የሚመለሰው በብዙ ሺህ መኪና ነው። ፋይበር ግን አንድ ጥሩ ቅርጽ ማውጫና የሠለጠነ እጅ ይበቃዋል። ጀነራል ሞተርስ ራሱ በ1953 ኮርቬትን የጀመረው በዚሁ ነው። ግመል የሱሲታን የፋይበር ቦዲ በላ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል፤ በእኔ በኩል ለእነዚያ ሠራተኞች የማይገባ ወሬ ነው። የማይዝግ፣ የቀለለ፣ ቢሰበር እዚያው ጋራዥ ውስጥ በምንጣፍና በሙጫ የሚጠገን ቦዲ ነው የሠሩት።

ሳብራን ከጎን ስታዩአት ረጅም ኮፈን፣ አጭር ጅራት ናት። አፍንጫዋ ላይ ስሟን ያገኘችበት ቁልቋል በአርማ ተቀምጧል፤ ከፊት ፓራውልቷ ላይ ደግሞ ረጃጅም ቀንዶች ወደ ፊት ወጥተዋል። ቀንዶቹ ለእኔ ዓይን ይበዙባታል፤ ቢቀነሱ ትቀል ነበር። የጎኗ መስመር ግን ከፊት ጎማ ተነሥቶ እስከ ኋላ አይቆረጥም። የምኖርባት ኔታንያ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አልማዝ ሲቆረጥባትና ሲወለወልባት የኖረች ከተማ ናት፤ አልማዝ ወልዋይ ድንጋዩን የሚያየው ብርሃን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው። መኪናም እንደዚያ ነው መታየት ያለበት፤ በሳብራ ፓራፋንጎ ላይ ያረፈ ብርሃን ሳይሰናከል ይሄዳል።

ከሥሯም የሚያስደስት አለ። ሞተሩ ከፎርድ ኮንሱል የመጣ 1703 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ጨዋ እንጂ ፈጣን አይደለም። የሚገርመው የኋላ አክስሉ ነው፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት በዋት ሊንኬጅ ተይዟል። ድካሟ የፊት እግሯ ነው። ጎማውን የሚይዙት ክንዶች ወደ ፊት የተዘረጉ ስለሆኑ መሪው የሚጠበቅበትን ስስነት አላገኘም። ጠቅላላ ምርቷ 400 እንኳ አልሞላም። ሪላያንት ግን ትምህርቱን ይዞ ቀጠለ፤ ሴብር ብሎ በራሱ ስም ሸጣት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አስገባባት፣ በ1964ም ሲሚታር የተባለችውን መኪና አወጣ።

ዛሬ ኔታንያ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን የሚያይ ሰው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ከፍ ያለ ነጭ መኪና ነው የሚያልፍበት፤ ከመካከሉም የቻይና ኤሌክትሪክ አይጠፋም። ለገዢው አልፈርድም። የግዢ ቀረጡ 83 በመቶ በሚደርስበት አገር፣ ኤሌክትሪክ ሲቀልለት፣ ልጅም እናትም አንድ ላይ የምትጭን መኪና መግዛቱ የቤት ሒሳብ ነው። ቅሬታዬ ከአምራቾቹ ጋር ነው። ከፍ ያለ መኪና በር ሰፊ ሜዳ ነው፤ ያንን ስፋት ለመደበቅ ላሜራውን በእጥፋት ላይ እጥፋት ይሞሉታል፣ ጎማውን ያሳብጣሉ፣ ዙሪያውን በጥቁር ፕላስቲክ ይከብቡታል። ብርሃኑ በየእጥፋቱ ይሰበራል። ቁመቱ ሲጨምር በመታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል ሞላው ይጠነክራል፣ ሞላው ሲጠነክር ምቾቱ ይቀንሳል፤ ምቾቱን ለመመለስ ሌላ መሣሪያ ይገባል፣ ክብደት ይጨምራል። አንዱ ጥፋት ሌላውን እየጠራ ነው።

ከፍታ በራሱ ጥፋት ነው አልልም። በ1984 የወጣውን ላንድክሩዘር 70 የጎንደር መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያከብረዋል፤ ጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ እያንዳንዱ ብሎኑ ቁልፍ እንዲደርስበት ሆኖ የተሠራ መኪና ነው። ከፍ ያለው ድንጋይና ወንዝ ስላለበት ነው። ኔታንያ ውስጥ ግን ወንዝ የሚሻገር ማን አለ?

ፖርሼ በ2002 ከፍ ያለውን ካየንን ሲያወጣ ብዙ አፍቃሪ አዘነ። እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፤ ከካየን የተገኘው ገንዘብ የስፖርት መኪናውን 911ን አኑሯል። የሚያሳዝነኝ የኦዲ ቲቲ ነው። የነዳጅ መክደኛው ክብ አሉሚኒየም ሆኖ ብሎኖቹ ዙሪያውን ሳይደበቁ የተደረደሩ፣ ማንም ያልጠየቀው ሥራ የተሠራበት መኪና ነበር። በ2023 ምርቱ ቆመ፤ ኦዲ ከፍታ ያላቸውን መኪኖቹን ይዞ ቀጠለ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ማዝዳ አሳይቷል። በ1989 የወጣችው ሁለት ሰው የምትጭን ክፍት መኪና ኤምኤክስ 5 ከሥሯ ስትታይ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ አንድ ረጅም የአሉሚኒየም አጽም አላት። ከውጭ አይታይም፣ በማስታወቂያም አያምርም። ነገር ግን ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ የሞተሩ ጉልበት ሳይዋልል ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው፣ የማርሽ ዘንጉም በእጅ ውስጥ አጭርና ጥርት ያለ የሚሆነው በእሱ ጭምር ነው። ሹቢንስኪ ያሰበው ገበያ በእውነት ነበረ፤ በ2016 የዚህች መኪና ምርት አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ማዝዳም የሚኖረው ሲኤክስ 5ን በመሰሉ ከፍ ያሉ መኪኖች ነው። የእነሱን ትርፍ ሲያገኝ ግን ትንሿን ሳይጥል፣ በ2015 ባወጣት አዲስ ትውልድ ከቀድሞዋ አቅልሎ ሠራት፤ ያንን የአሉሚኒየም አጽምም አልተወባትም።