«ድርጊትና አጸፋ» በክብ እንቅስቃሴ ትምህርት፦ በአንድ የተለመደ ማብራሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ክብ እንቅስቃሴ በሚሰጠው ትምህርት ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ማብራሪያ አለ። ይኸውም በገመድ ታስሮ የሚሽከረከርን ድንጋይ ወደ መሃል የሚስበው ኃይል «ድርጊት»፣ ወደ ውጭ የሚገፋው «አጸፋ» ነው፤ ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑም ድንጋዩ ከክቡ ሳይወጣ ይዞራል የሚል ነው። ማብራሪያው አጭርና ለማስታወስ የሚቀል ነው። በጥሞና ሲመረመር ግን የኒውተንን አንደኛውንም ሦስተኛውንም ሕግ የሚያፋልስ ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱ ኃይሎች በድንጋዩ ላይ አርፈው የሚጣፉ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ በቀጥታ መስመር በተጓዘ እንጂ ባልዞረ ነበር። ሁለተኛ፣ ድርጊትና አጸፋ ምንጊዜም የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው። የመሬት ስበት ለጊዜው ሳይታሰብ፣ 0.2 ኪሎግራም የሚመዝን ድንጋይ በ0.5 ሜትር ገመድ ጫፍ ላይ በሴኮንድ 5 ሜትር ፍጥነት ቢዞር፣ ገመዱ ድንጋዩን በ10 ኒውተን ወደ መሃል ይስበዋል፤ ድንጋዩም ገመዱን በ10 ኒውተን ወደ ውጭ ይስበዋል። እጅ በገመዱ አማካይነት የሚሰማው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። በድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለዚህም ወንጭፍ ምስክር ነው፤ ሰብል ጠባቂው አንደኛውን ጫፍ ሲለቅ ድንጋዩ የሚወነጨፈው ከመሃል ወደ ውጭ ሳይሆን የክቡን ጠርዝ ታክኮ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር ነው።

የማብራሪያው ጉድለት ይበልጥ የሚጎላው ወደ ሰማይ አካላት ሲታለፍ ነው። መሬት ጨረቃን ትስባለች፤ ጨረቃም መሬትን በዚያው መጠን ትስባለች። ሁለቱም የሚዞሩት በጋራ ማዕከላቸው ዙሪያ ሲሆን፣ ነጥቡ ከመሬት ማዕከል 4,670 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በራሷ በመሬት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በመሬት ላይ የሚያርፈው አጸፋ መሬትን ወደዚያው የጋራ ማዕከል ይስባታል እንጂ አያርቃትም። አጸፋው ምንጊዜም ከማዕከል የሚያሸሽ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

ለግራ መጋባቱ የስያሜው ታሪክም ሳያግዝ አልቀረም። ሆይኽንስ እ.ኤ.አ. በ1659 ያጠናው ከማዕከል የሚያሸሸውን ኃይል ነበር፤ ወደ ማዕከል የሚስበው ኃይል በ1687 በታተመው የኒውተን መጽሐፍ ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእርግጥ ከሚዞር አካል ጋር አብሮ እየዞረ ለሚመለከት ሰው «ከማዕከል የሚያሸሽ ኃይል» ለስሌት ይጠቅማል፤ ሆኖም ይህ ኃይል ከአመለካከቱ የመነጨ በመሆኑ የአጸፋ ጥንድ የለውም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በድንጋዩ ላይ የሚያርፈው የገመዱ ኃይል ብቻ ነው ብሎ በትክክል የሚመልስ ተማሪ፣ የመልስ ቁልፉ በተለመደው ማብራሪያ ከተዘጋጀ ነጥብ ያጣል፤ በቃሉ የሸመደደው ግን ያልፋል። ስለሆነም መምህራን ለእያንዳንዱ ኃይል «ማን በማን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ የሥርዓተ ትምህርትና የፈተና አዘጋጆችም ተማሪው የኃይሉን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበትን አካል ጭምር እንዲለይ ቢጠይቁ፣ ስህተቱ ሥር ሳይሰድ ሊታረም ይችላል።