ሥራና ትምህርት በድኅረ ምረቃ የኮምፒዩተር ጥናት፤ ስለ አንድ የርቀት መርሐ ግብር የቀረበ ሂስ

በሥራ ላይ ያለን ሰው ከሥራው ሳይለዩ በከፍተኛ ደረጃ ማስተማር ለትምህርት ባለሙያዎች እንግዳ ጉዳይ አይደለም። የማታው፣ የክረምቱና የተልእኮው ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲሠራባቸው የኖሩ መንገዶች ናቸው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሎ ማስተማር በጀመረ ጊዜ፣ ሠራተኛው በቤቱ ተቀምጦ በታተመ ጽሑፍ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን እየተረዳ ለዲግሪ ሊበቃ እንደሚችል አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ነገሩ በኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ መስክ ሲታይ የተለየ መልክ ይይዛል፤ በዚህ መስክ ኮምፒዩተሩ የትምህርቱ ይዘትም፣ የማስተማሪያው መሣሪያም፣ ብዙውን ጊዜም የተማሪው የዕለት የሥራ ዕቃ ነውና። ስለሆነም ሥራና ትምህርት እዚህ ላይ ካልተገናኙ በሌላ መስክ ይገናኛሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው፣ በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም በጥር 2014 የጀመረው በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ነው። ዕቅዱ በ2013 ይፋ ሲሆን፣ ኡዳሲቲ የተባለው ድርጅት ኮርሶቹን በማዘጋጀት፣ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ ደግሞ በገንዘብ ተባብረውታል። ተማሪው 10 ኮርሶችን ማለትም 30 ክሬዲት ያጠናቅቃል፤ ለዚህም የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ መርሐ ግብሩ ሲጀመር ወደ 7,000 ዶላር ይገመት ነበር። በዚያው ተቋም በመደበኛው ክፍል ገብቶ ለሚማርና ከጆርጂያ ክፍለ ግዛት ውጭ ለመጣ ተማሪ ግን ክፍያው ከ40,000 ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱም ተማሪዎች መጨረሻ ላይ የሚቀበሉት ዲግሪ አንድ ዓይነት ነው።

የመርሐ ግብሩ በጎ ጎን በቅድሚያ ሊነገር ይገባል። ከዋጋው ማነስ ሌላ፣ የመግቢያው ሥርዓት ሊመሰገን የሚገባው ነው። የርቀት ትምህርት ወንበር አይቆጥርም፤ ስለዚህ ተቋሙ ብዙ አመልካቾችን በደጃፍ ከመመለስ ይልቅ ወደ ውስጥ አስገብቶ በትምህርቱ መፈተንን መርጧል። የገባው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት መሠረታዊ ኮርሶችን ቢያንስ በ«ቢ» ውጤት ማለፍ ይኖርበታል፤ ካላለፈ አይቀጥልም። በሌላ አነጋገር በሩ ሰፍቷል፤ ወንፊቱ ግን አልተጣለም፤ ከደጃፍ ወደ ውስጥ ተዛውሯል እንጂ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ዓመት ለሆነውና የቀድሞ ውጤቱ ዛሬ ያለውን ችሎታ ለማይገልጽለት ሠራተኛ ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ ጉድማንና አማንዳ ፓለይስ ከጁሊያ መልከርስ ጋር ሆነው በ2019 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። በመደበኛው ክፍል ለመማር የሚያመለክተው ሰው በአብዛኛው የ24 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ሥራ ያልያዘ ሕንዳዊ ሲሆን፣ ለኢንተርኔቱ ትምህርት የሚያመለክተው ግን የ34 ዓመት ዕድሜ ያለውና በሥራ ላይ የሚገኝ አሜሪካዊ ሆኖ ተገኝቷል። ለሁለቱም ያመለከቱት እጅግ ጥቂት ናቸው። በጥቂት ነጥብ ተበልጠው ሳይገቡ የቀሩት አመልካቾችም አብዛኞቹ ወደ ሌላ ተቋም ሄደው አልተማሩም። ይህም ማለት አዲሱ መርሐ ግብር የነባሩን ክፍል ተማሪዎች አልሻማም፤ ያለ እርሱ የማይማሩ ሰዎችን አስተማረ እንጂ።

እንግዲህ ጉድለቱ ከወዴት ላይ ነው? ጉድለቱ ሠራተኛውን በሚያይበት ዓይን ላይ ነው። መርሐ ግብሩ የተማሪውን ሥራ የሚያውቀው የጊዜ እጥረት በማድረግ ብቻ ነው። የተቀረጸው ትምህርት በሌሊትም ሆነ በዕረፍት ቀን ሊታይ ይችላል፤ ኮርሶቹን በዓመታት ላይ ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል። ይህ ሁሉ የሰዓት ማመቻቸት ነው። ተማሪው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ያጋጠመው ችግር፣ ያበላሸው ወይም ያቃናው ሥራ፣ በዕለት ልምዱ የሰበሰበው ዕውቀት ግን በአብዛኛው ወደ ኮርሱ የሚገባበት በር የለውም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ሳያዘጋጅ ኮርሶችን ብቻ ወስዶ መመረቅ ይችላል፤ ብዙው የፕሮግራም አጻጻፍ መልመጃም ለሁሉም አንድ ሆኖ ተሰጥቶ በኮምፒዩተር ይታረማል። የ34 ዓመቱ ባለሙያ የሚቀርብለት ጥያቄ ለ24 ዓመቱ ወጣት የተዘጋጀው ያው ጥያቄ ነው። ለፍትሕ ሲባል ግን ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ የሚሰጠውን ኮርስ የመሰሉ፣ ተማሪው የራሱን የሥራ ርእስ መርጦ የሚሠራባቸው ኮርሶች በመርሐ ግብሩ ውስጥ መኖራቸው ሊጠቀስ ይገባል። እነዚህ ያስመሰግናሉ፤ ሆኖም የሕንጻው ምሰሶ ሳይሆኑ አንዱ መስኮት ናቸው።

ይህን ጉድለት በግልጽ የሚያሳይ አንድ ሙከራ በ2016 ተደርጓል። አሾክ ጎኤል የተባሉት ፕሮፌሰር ወደ 300 ተማሪዎች በነበሩበት ኮርስ በአንድ የትምህርት ወቅት እስከ 10,000 የሚደርሱ መልእክቶች ስለሚጻፉ፣ ለተደጋጋሚ ጥያቄዎች የሚመልስ «ጂል ዋትሰን» የተባለ የኮምፒዩተር ረዳት አቆሙ። ተማሪዎቹ ረዳቷ ሰው አለመሆኗን የተረዱት በወቅቱ ማብቂያ ላይ ነበር። ብዙዎች ይህን በመደነቅ አውስተውታል። ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ግን ከአድናቆቱ ይልቅ ትርጉሙ ይበልጣል። ያቺ ረዳት መመለስ የቻለችው ቀድሞ የተጠየቀውንና ቀድሞ የተመለሰውን ነው፤ የማስረከቢያው ቀን መቼ ነው፣ የጽሑፉ ቅርጽ እንዴት ነው የሚለውን ዓይነት። ከተማሪው የሥራ ቦታ የሚነሣው ጥያቄ ግን ማንም ከዚያ ቀደም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሊመለሱ የሚችሉ ከሆኑ፣ ያ ኮርስ ተማሪዎቹን አዲስ ነገር ለመጠየቅ አላነሣሣም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከራሷ ታሪክ የምታወጣቸው ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው የጥንቃቄ ትምህርት ነው። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁት ትምህርቶች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት በየክፍሉ ይደርሱ ነበር። የገጠሩና የከተማው ተማሪ እኩል ትምህርት አገኘ ሲባል፣ መምህሩ ግን የማስተማሪያውን ጊዜ ለስክሪኑ ለቅቆ በተረፈው ደቂቃ ለማስረዳት ተገደደ። የኢንተርኔት ትምህርት ከዚህ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ተመልካቹ ሊያቆመውና መልሶ ሊያየው ይችላል። ሆኖም ቆሞ የሚጠብቅ ትምህርት ሁሉ የሚያዳምጥ ትምህርት አይደለም።

ሁለተኛው የመልካም አርአያ ትምህርት ነው። በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ይሰጥ ነበር። በዚያ ከተሠሩት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል በ1997 የቀረበው አንዱ የታተመ የአማርኛ ጽሑፍን በኮምፒዩተር ስለ ማንበብ፣ በ2001 የቀረበው ሌላው የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትን የአማርኛ ዜናዎች በኮምፒዩተር በየርእሳቸው ስለ መመደብ የተጠኑ ናቸው። እነዚህ ጥያቄዎች ከሌላ አገር የመማሪያ መጽሐፍ የተገኙ አይደሉም፤ በአገሪቱ የሥራ ቤቶች ተከማችቶ ከነበረው ወረቀት የተነሡ ናቸው። የተማሪዎቹ ቁጥር ከጆርጂያ ቴክ ጋር አይወዳደርም። የጥያቄው አመራረጥ ግን ከዚያ የተሻለ ነው።

በማታና በክረምት በኮምፒዩተር ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ መምህርን በዚህ ሚዛን መመልከት ይገባል። እርሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመጣው 60 ተማሪዎችን በጥቂት ኮምፒዩተሮች፣ መብራት በሚቋረጥበት ክፍል እንዴት እንደሚያስተምር ሲያስብ ከርሞ ነው። ኮርሱ ስለዚህ ነገር አንድም ጊዜ ካልጠየቀው፣ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ይዞት የሚገባው የደመወዝ እርከን እንጂ የማስተማር ዘዴ አይሆንም። ወይም ዲግሪውን ይዞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ክፍሉም ያለ መምህር ይቀራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለዚህ ለአቃጆች የሚቀርበው ሐሳብ የጆርጂያ ቴክን አርአያ ሙሉ በሙሉ መጣል ወይም እንዳለ መቅዳት አይደለም። አንደኛ፣ ሰፊው በርና በውስጥ የሚደረገው ፈተና ሊወሰድ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ አመልካቹ ከሥራ ቦታው የተገኘ አንድ ችግር በጽሑፍ ይዞ እንዲመጣ ቢደረግና ከጠቅላላው ክሬዲት ቢያንስ ሲሶው በዚያ ችግር ላይ ቢውል መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ሥራውን የሚገመግመው መምህር ቢቻል ቦታውን ያየ ሰው ይሁን። አራተኛ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የተወሰነ የጥናት ሰዓት መስጠቱ በውል ይታሰር።

ይህ አሠራር ርካሽ አይደለም። አንድ አማካሪ በቅርብ ሊከታተል የሚችለው ጥቂት ተማሪዎችን ስለሆነ፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ማስመረቅ አይቻልም። አቃጆች ቁጥሩን ከመወሰናቸው በፊት ይህን ወጪ በግልጽ መመዘን አለባቸው። በየዓመቱ የሚቆጠረው የተመራቂው ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ምን እንደተለወጠ የሚጠይቅ አይኖርም።