ማገዶ ቆጣቢ ሁሉ ንጹሕ ነው?

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንጀራ ሲጋገር ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ካያችሁ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የደረቁ እንጨት ሙቀት እርጥቡን ሲያደርቅ ያልቃል፣ ቤቱም በጭስ ይታፈናል።

ይህን ያነሳሁት ምርጥ ምድጃን ለመገምገም ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ እሳቱ እንዳይበተን ያደርጋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር በሙከራ ማገዶውን ወደ ግማሽ ቀንሷል። እንጨት ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። «ማገዶ ቆጣቢ» ስንል «ንጹሕ» ያልን ይመስለናል። ጭስ እኮ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው! እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነዶ እንዲያልቅ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀትና በቂ አየር ይፈልጋል።

ገና የተቆረጠ ባህር ዛፍ ግማሽ ያህል ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። እስቲ እናስላው። ከ1 ኪሎ እርጥብ እንጨት ውስጥ ያለው ግማሽ ኪሎ ደረቅ እንጨት 9 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ግማሽ ኪሎውን ውሃ ለማትነን 1.3 ሜጋጁል ይሄዳል። አንድ ሰባተኛ ብቻ! «ታዲያ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። ዋናው ጉዳት ግን ውሃው እስኪተን እሳቱ መቀዝቀዙ ነው፤ ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል። ይህን ምርጥ ምድጃም አያርመውም። እንዲያውም አየሩና እንጨቱ የሚገቡት በአንድ አፍ ስለሆነ፣ አፉን በእንጨት ከጠቀጠቃችሁት እሳቱን አፈናችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ እንጨቱን በበጋ ፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ዝናብ በማይነካው ነፋስ ግን በሚያገኘው ቦታ መደርደር ያስፈልጋል። በደንብ የደረቀ እንጨት ውሃው ከ20 በመቶ በታች ነው። ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ፍልጥ ስታጋጩም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የእርጥቡ ድምፅ ግን የታፈነ ነው።

ደረቅ እንጨትም ቢሆን ዓይን የማያየው፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ብናኝ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ አየር ብክለት በዓለም ዙሪያ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። ምርጥ ምድጃ ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ የሚተከለው ያለ ጭስ ማውጫ ነው።

እንግዲህ ምድጃን በቆጠበው እንጨት ብቻ አንመዝነው። የጋገረችው እናት ዓይኗን እያሸች ነው የወጣችው? ይህንንም እንጠይቅ።