የደመራ ምሽት ፎቶ በፍላሽ

መስከረም 16 ምሽት መስቀል አደባባይ ላይ ከተነሱ ፎቶዎች መካከል ጥሩውን ልምረጥ ስል መጀመሪያ የማየው የሰዎቹን ፊት ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን ጨለማ ነው። ከኋላ ችቦውም ሕዝቡም ጠፍቶ ድፍን ጥቁር ብቻ ከቀረ፣ ፎቶ አንሺው ሥራውን ሁሉ ለፍላሹ ጥሎታል ማለት ነው። የፍላሽ ብርሃን ቶሎ ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፊት ያለችው ልጅ ቦግ ብላ ስትታይ ከኋላዋ ያሉት መዘምራን የሚሰወሩት ለዚህ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሸተሩን ያዘገያል። ፍላሹ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ፊቷን ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ሸተሩ እስከ 1/15 ሰከንድ ክፍት ሲቆይ ደግሞ የደመራው እሳት የራሱን ብርሃን ያስገባል። የእሳቱ ነበልባል ትንሽ ቢደበዝዝ ጉድለት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ቀጥሎ ነጠላው ላይ ቆም በሉ። ድርና ማጉ ይለያል? ጥለቱስ ቀለሙን ይዟል? ነጠላው ነጭ ወረቀት መስሎ ከቀረ ፍላሹ በዝቷል። ነጩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ደግሞ ፍላሹ ባዶውን ተተኩሷል፤ የጧፍ ብርሃን ወደ 1900 ኬልቪን፣ የፍላሽ ግን ወደ 5500 ኬልቪን ስለሚጠጋ ፍላሹ ፊት ብርቱካናማ ጄል (ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) ካልተደረገ ሁለቱ አይስማሙም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳብቀው ጥላ ነው። ጧፍ ደረቷ ላይ የያዘች ሴት ብርሃን የሚያገኛት ከታች ነው፤ አገጯና የአፍንጫዋ ሥር ይበራል፣ ግንባሯ ደብዘዝ ይላል። ፎቶው ላይ ግንባሯ አብረቅርቆ አንገቷ ላይ የአገጭ ጥላ ከወደቀ፣ ያበራት ጧፉ ሳይሆን ካሜራው ላይ የተሰካው ፍላሽ ነው። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ቢሆን ብርሃኑን ነጩ ሸራ ላይ አንጥሮ ማለስለስ ይቻላል። አደባባይ ላይ ጣሪያ የለም፤ ስለዚህ ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ፣ ኃይሉን ቀንሶ፣ በጧፉ በኩል ዝቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በዚያ ግፊያ መሀል ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ የተሳካለት ፎቶ አንሺ ክብር የሚገባውም ለዚህ ነው።

እጇ ላይ ያለው ጧፍ ፊቷን ያላበራበትን ፎቶ፣ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፣ እኔ አልመርጥም።